አማቴ ጉልበታቸውን ታመዋል፣ አራት የሂንዱ ቤተ መቅደሶች መሳለም ይፈልጋሉ። እንዴት ላቅደው?

የሃይደራባድ ምራት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሕንዳዊ ነው፣ ወላጆቹ ሃይደራባድ ነው የሚኖሩት። አማቴ 74 ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ ሲወጡ አንድ እጃቸው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ሲወርዱ ደግሞ ይብስባቸዋል፣ እንደ ሕፃን በጎን በጎን ነው የሚወርዱት። የባለቤቴ አባት 79 ናቸው። የስኳርና የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግን ማንም ሲጠይቃቸው “እኔ ደህና ነኝ” ነው መልሳቸው።

ሁለቱም “ዓይናችን እያየ እንሂድ” ብለዋል። የሚፈልጉት ቲሩፓቲ፣ ካሺ (ቫራናሲ)፣ ራሜስዋራም እና ኬዳርናት ነው። ባለቤቴ የ12 ቀን ፈቃድ አለው። ፕሮግራሙን በወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጉዞ አለው። እነሱን ተዉአቸው፣ እኔ ራሴ እሱን ወረቀት ሳየው ደከመኝ።

ሌላው ችግር ዊልቸር ነው። አማቴ ስሙን መስማት አይፈልጉም። “አምላኬ ፊት እንደ ዕቃ ተገፍቼ አልቀርብም” አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

እኔ የእምነቱ ተከታይ አይደለሁም። አብሬያቸው መግባት እችላለሁ ወይስ ውጭ ነው የምቀረው? በተግባር ያያችሁት ካለ ንገሩኝ እባካችሁ።

ቼናይ የተማርኩ

እህቴ፣ በቅድሚያ ያንን ወረቀት ቅደዱት። አራቱ ቦታዎች በሕንድ ከደቡብ እስከ ሰሜን የተበተኑ ናቸው። ራሜስዋራም ደቡብ ጫፍ ደሴት ላይ ነው፣ ኬዳርናት ሰሜን ሂማላያ ውስጥ ነው። በ12 ቀን አራቱንም ጤነኛ ጎረምሳ ሊዞራቸው ይችል ይሆናል። የእሳቸው ጉልበት ግን በሁለተኛው ቀን ያብጥና የቀረው ጉዞ ሆቴል ውስጥ ያልቃል።

ቼናይ አራት ዓመት ስማር የጓደኞቼን ወላጆችና አያቶች ይዘን ቲሩፓቲ ብዙ ጊዜ ሄደናል። ለአዛውንት ከሁሉም የተሻለ የተደራጀው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ቤተ መቅደሱ ያለው ተራራው ላይ፣ ቲሩማላ ነው። በእግር የሚወጡ ከ3,500 በላይ ደረጃ ይወጣሉ፣ ግን አስፋልት ስላለ መኪናና አውቶቡስ እስከ ላይ ይደርሳል። ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የዳርሻን ሰዓት አለ፣ ነጻ ነው። ዳርሻን ማለት አምላኩን ፊት ለፊት የሚያዩበት ቅጽበት ነው፤ ለሰዓታት ተሰልፈው የሚያገኙት ደግሞ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወረፋው ነው ሰው የሚጥለው። የአዛውንቶቹ ቦታ በኦንላይን ከወራት በፊት ይለቀቃል፣ ቶሎም ያልቃል። መታወቂያቸውን አዘጋጅታችሁ ጠብቁት። ያ ካመለጣችሁ የ300 ሩፒው ልዩ መግቢያ አለ፣ ግን እሱም ቢሆን መቆምና መራመድ አለው።

የመግባትሽን ነገር በተመለከተ፣ ቲሩማላ ላይ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ለአምላኩ እምነት እንዳለው የሚገልጽ ቅጽ ፈርሞ ነው የሚገባው። ይህን ከልብሽ መፈረም ካልቻልሽ አትፈርሚ፣ ውጭ ሆነሽ ብትጠብቂ ማንም ቅር አይለውም። ራሜስዋራም ውስጠኛው ክፍል ለሂንዱዎች ብቻ ነው። ካሺ ላይ የውጭ ዜጎች ፓስፖርት አሳይተው ሲገቡ አይቻለሁ። ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ አማትሽን ደግፎ የሚይዛቸው ሰው አንቺ ከሆንሽ፣ አንቺ በማትገቢበት በር ላይ ማን ይረከብሻል? ያ ሰው ከአሁኑ ይታወቅ።

ነርስ ነኝ

ስለ ኬዳርናት ብቻ ልናገር ብዬ ነበር የገባሁት፣ ግን ረዘመብኝ፣ ይቅርታ።

ኬዳርናት 3,583 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የመኪናው መንገድ ከሚያልቅበት ከጋውሪኩንድ ተነስቶ በእግር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። “በሄሊኮፕተር እንወስዳቸዋለን” የሚል ሰው ይመጣል፣ አውቃለሁ። ሄሊኮፕተር የጉልበትን ችግር ይፈታል እንጂ የልብን አይፈታም። እንዲያውም በደቂቃዎች ውስጥ ከዝቅታ ወደዚያ ከፍታ ሲወጡ ሰውነት አየሩን ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። የልብ ሕመም ላለባቸው የ79 ዓመት ሰው እኔ ብሆን አልደፍረውም። የልብ ሐኪማቸው “ይሂዱ” ካላሉ በቀር አትሞክሩት። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ደግሞ “ተራራ ሊወጡ ነው” ብቻ አትበሉ፣ የከፍታውን ቁጥር ንገሩት።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት። ብዙ ትልልቅ ቤተ መቅደሶች ላይ ስልክና ቦርሳ በር ላይ ተሰጥቶ ነው የሚገባው። ቦርሳው ሲሄድ መድኃኒቱም አብሮ ይሄዳል! ወረፋ መሐል ከገቡ በኋላ መውጣትም ከባድ ነው። ምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ካላቸው እሱን፣ ስኳራቸው ቢወርድ የሚልሱትን ነገርና የሐኪም ማዘዣውን በትንሽ ግልጽ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን፣ ለጥበቃዎቹም አሳዩአቸው።

ሦስተኛ፣ ጾም። ዳርሻን ሳያገኙ እህል አንቀምስም የሚሉ አዛውንቶች አሉ። የስኳር መድኃኒት ወስደው ባዶ ሆዳቸውን ወረፋ ላይ ከቆሙ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። በዚያች ጠዋት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሆን ከሐኪማቸው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፕራሳድ (የተባረከ ምግብ) ተብሎ የሚሰጠው የቲሩፓቲ ላዱ ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ለበረከት ቆንጥረው ቢቀምሱ ይበቃል።

የሃይደራባድ ምራት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የቦርሳውን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር።

ኬዳርናት ግን የአባታችን ዋና ምኞት ነው። አሥራ ሁለቱ ጂዮትርሊንጋ ከሚባሉት፣ ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ቅዱስ ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ነው። “አይቻልም” ብለን ብንነግራቸው ዝም ይላሉ፣ ዝምታቸው ደግሞ ከቁጣ ይከብዳል።

ሌላዋ ምራት

እኔም እንዳንቺ ሕንድ ያገባሁ ነኝ፣ የአማቴንም ጉልበት ይዤ ካሺ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ቃል በቃል የምትይው ይገባኛል።

አባታችሁን “አይቻልም” አትበሏቸው፣ ስሪሳይላምን አንሱላቸው። እሱም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው፣ ከሃይደራባድ በመኪና 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ናላማላ በሚባል ጫካ ያልፋል፣ ሌሊት ለመኪና ስለሚዘጋ በጠዋት ውጡ። ካሺና ራሜስዋራምም ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ኬዳርናት ቢቀር እንኳ ሦስት ጂዮትርሊንጋ ይሳለማሉ። ይህን እሳቸው ከእኛ በላይ ያውቁታል፣ ግን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው። ሌላም አለ፦ ኬዳርናት በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል፤ ያኔ የአምላኩ ምስል በሰልፍ ወርዶ ኡኪማት በሚባል ከተማ ነው የሚከርመው፣ አምልኮውም እዚያ ይቀጥላል። ኡኪማት ከፍታው ከኬዳርናት ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ መኪናም ይደርሰዋል። የተራራው መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ስለሆነ ለዚህኛው ጉዞ አልመክርም፣ ለሌላ ዓመት ግን ሐኪማቸው ከፈቀዱ እውነተኛ አማራጭ ነው።

አሁን ስለ ካሺ። ጋት የሚባሉት የጋንጋ ወንዝ ዳር ደረጃዎች ናቸው፣ ገደል ነው የሚመስሉት፣ ብዙዎቹ መያዣ የላቸውም። ማታ ማታ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ የሚደረገውን የመብራት ጸሎት (አርቲ) ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ተጨናንቆ ነው የሚያየው። እኛ ከጀልባ ላይ አየነው፣ አማቴ ትራስ ላይ ተደግፈው። ግን ጀልባው ላይ መውጣቱ ራሱ ፈተና ነው። ከዳር እስከ ጀልባው ጣል የሚያደርጉት ጠባብ ጣውላ ነው፣ ከእግር በታች ይወዛወዛል። ናሞ ጋት ላይ እስከ ወንዙ የሚወርድ ተዳፋት መንገድ ስላለ ከዚያ ተነሱ፣ ጀልባውን በስልክ ቅጠሩና እዚያ ድረስ ይምጣላችሁ።

ካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስ ድሮ በጠባብ ጉራንጉር ነበር የሚደረሰው። በ2021 የተመረቀው ኮሪደር ሰፊ ሜዳ አድርጎታል፣ ለአዛውንት ትልቅ እፎይታ ነው። መኪና ግን ጎዶሊያ አካባቢ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በሪክሾ ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት ወረፋ የሚያሳጥር ሱጋም ዳርሻን የሚባል ቲኬት አለ፣ ለእነሱ ግዙላቸው። ሰኞ ቀን አትሂዱ፣ የሺቫ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃል። ማሃሺቫራትሪ የሚባለው የሺቫ ትልቅ በዓል ሰሞንም እንደዚሁ።

የዊልቸሩን ነገር መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ስለሚያመኝ ነው። የኔም አማት እንዲሁ ብለው ነበር። እኛ ያደረግነው፣ ዊልቸሩን “ለመንገዱ” ብቻ አደረግነው። ከመኪናው እስከ ውስጠኛው በር ተቀምጠው፣ ከዚያ ተነስተው በእግራቸው ነው የገቡት፣ በአንድ በኩል ልጃቸው በሌላ በኩል እኔ። በሩ ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ ደፍ አለ። እሱን ሲሻገሩ ቆም አሉ፣ ጎንበስ ብለው ደፉን በእጃቸው ዳሰሱና ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ያን ያህል ጉልበት የተረፋቸው መንገዱን ስላልተራመዱት ነው። ለአማትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ “ጉልበትዎን ለአምላክዎ ያስቀምጡት፣ ለፓርኪንግ አይጨርሱት።” እኔ ያልኳቸው ይህንኑ ነው፣ ሰሙኝ።

የራሳችሁን ዊልቸር ውስጥ ድረስ ላያስገቡላችሁ ይችላሉ፣ ውጭ የተነዳ ጎማ ስለሆነ። የቤተ መቅደሱን ጠይቁ። ጫማ ስለሚወለቅ ደግሞ ካልሲ ያዙ። ቀትር ላይ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል። ጠዋት ነው መሄድ።

ቼናይ የተማርኩ

የካልሲውን ነገር ነርሷም ትደግፈዋለች ብዬ አስባለሁ 🙏🏾 በጣም ትክክል ነው።

ራሜስዋራም ላይ ተጠንቀቁ። ቤተ መቅደሱ ሜዳ ነው፣ ምሰሶ በምሰሶ የሆኑት ረጃጅም ኮሪደሮቹ ለዊልቸር ይመቻሉ። ችግሩ ውሃው ነው። ምእመናን ከ22 ጉድጓዶች በባልዲ እየተቀዳ ይፈስባቸዋል፣ ከአንዱ ወደ አንዱም ርጥብ እንደለበሱ ይሄዳሉ። ወለሉ ሁሌ ርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል። አማትሽ ሃያ ሁለቱንም አይዙሩ፤ ውሃው ተቀድቶ ይምጣላቸውና ራሳቸው ላይ ይርጩ። ለመድረስ እስከ ማዱራይ በአውሮፕላን፣ ከዚያ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይሻላል።

ስለ ባቡር አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልንገራችሁ። 60 ዓመት ለሞላቸው ወንዶችና 45 ለሞላቸው ሴቶች የታችኛው አልጋ ኮታ አለ። ግን ቲኬቱ ላይ ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው ሲመዘገቡ ነው የሚሠራው። እናንተ ወጣቶቹ አብራችሁ አንድ ቲኬት ላይ ከገባችሁ ኮታው ይቀራል፣ ከዚያ አማትሽ የላይኛው አልጋ ይደርሳቸውና ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስትለምኑ ታድራላችሁ። የእነሱን ለብቻ፣ የእናንተን ለብቻ ቁረጡ፣ ባቡሩ ግን አንድ ይሁን። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ወደ ቲሩፓቲ ከሆነ ግን ሃይደራባድ አጠገብ ካለው ከሴኩንደራባድ ቫንዴ ባራት የሚባል ፈጣን ባቡር አለ፣ ቀን ነው የሚሄደው፣ ወንበር ነው፣ የማታ አልጋ ጣጣ የለውም።

ወደ ካሺ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር አትሂዱ። ሰሜን ሕንድ ጭጋግ ይይዘዋል፣ ባቡርም አውሮፕላንም ለሰዓታት ይዘገያል። አዛውንት ይዞ ጣቢያ ላይ ማደር አይሆንም።

ነርስ ነኝ

ካልሲውን በሁለት እጄ! ማታ ማታም እግራቸውን ከሥር እዩላቸው፣ ቁስል እንዳይኖር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልውጣ። ሆቴሉን “ሊፍት አለው ወይ?” ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ስንት ደረጃ እንዳለ ጠይቁ። መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ እሳቸው መነሳት አይችሉም። ፎቶ ይላኩላችሁ።

የሃይደራባድ ምራት

ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አዲስ አወጣን። ቲሩፓቲ፣ ሁለት ቀን እረፍት ቤት፣ ከዚያ ካሺ አራት ሌሊት በአንድ ሆቴል። በመጨረሻ ስሪሳይላም በመኪና። ራሜስዋራምን ለሚቀጥለው ዓመት አሳደርነው። ወሩ ኅዳር ነው። በማልገባበት ቦታ የባለቤቴ እህት ትረከበኛለች፣ እሺ ብላለች።

ለአባታችን ልጃቸው ደወለላቸው። ስሪሳይላም ሲላቸው ትንሽ ዝም አሉና “እዚያ ከአባቴ ጋር በልጅነቴ ሄጃለሁ” አሉ። እኛ አናውቅም ነበር! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለዚያ ጉዞ አወሩን።

አማቴን በዊልቸሩ ጉዳይ ልክ ሌላዋ እህታችን እንዳለችው ነገርኳቸው። እሺም እምቢም አላሉም። “ደፉ ላይ ግን አንቺ ነሽ የምትይዢኝ?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ካሺ ላይ ከሆነ አዎ አልኳቸው። ፓስፖርቴን ከአሁኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።