ጥቆማ፦ ከወሎ ልጃቸውን ለልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ለሚወስዱ ወላጆች

ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ልጅ የልቡ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋው በር፣ መቀየር አለበት ሲባል፣ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት እንደሚሠራ ነው። ልጁ ወደ ደሴ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ከተመለሰ በኋላ የሚከታተለው ማን እንደሆነም በዚያው ልክ ቢጠየቅ እመክራለሁ።

ለአካባቢያችን መነሻው ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ የሕፃናት ሐኪም አይቶት የሪፈር ወረቀት ይጻፍለት። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውና መነሻው እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ድርጅት የሆነው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በነፃ ያክማል፤ ወረፋው ግን ረጅም ስለሆነ ቶሎ መመዝገብ ይበጃል። በግል ወይም በውጭ አገር ማሳከም ወረፋውን ቢያሳጥርም ወጪው ከባድ ነው፤ ክትትሉም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው።

ስለ ቫልቩ ከሐኪሙ ጋር ስትመካከሩ ከመቀየር በፊት መጠገን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከልጁ ጋር አያድግምና የተጠገነ የራሱ ቫልቭ ይመረጣል። ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ ብቻ ከጠበበ፣ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ማስፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መቀየር የግድ ከሆነ፣ የብረት የሚባለው ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥንና መጠኑ ልክ መሆኑን የሚያሳየውን አይኤንአር የተባለ የደም ምርመራ በየጊዜው ማሠራትን ይጠይቃል። ከእንስሳ አካል የሚሠራው ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አያስወስድም፤ ነገር ግን በልጆች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና መምጣቱ አይቀርም። ይህኛው ከበሬም ከአሳማም ስለሚሠራ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይበላበት በወሎ ጉዳዩን ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገሩ ተገቢ ነው።

የአይኤንአር ምርመራው በቅርብ ለማይገኝለት የገጠር ልጅ የብረቱን ቫልቭ መምረጥ እጅግ ያሳስበኛል፤ ዋርፋሪን ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ለሴት ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ ወደፊት በእርግዝና ወቅት ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል ከወዲሁ ይታሰብ። ዋርፋሪን የሚወስድ ልጅ ጎመን መብላት አይከለከልም፤ የመድኃኒቱን ሥራ እንዳያዛባ ግን የጎመኑ መጠን ከሳምንት ሳምንት ባይለዋወጥ ይሻላል። ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ መድማትን ስለሚያባብሱ፣ አስፕሪንም ሆነ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይሰጠው። እንጥል ማስቆረጥና ጥርስ በባህል ሐኪም ማስነቀል ደም ከማፍሰሱም በላይ ቫልቩን ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አይደረግ፤ ጥርሱ መነቀል ካለበት በጤና ተቋም፣ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ይሁን።