ቱ ስትሮክ ሞተር ዳገት ላይ ሲታፈን

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ባሕር ዳር ገዝቼ በግቢዬ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ የገጠምኩት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገብቶለት ሳለ፣ ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጠው ይታፈናል፤ ካንዴላውም (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጠቁሮና ርሶ ይገኛል። ለውድድር ላደርሰው ስለምፈልግ ከየት ልጀምር?

መልስ (ባሕር ዳር)፦ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡራተሩ ይጀምሩ። ከተማችሁ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳሩ ይሳሳል፤ ነዳጁ ግን በዚያው ቀዳዳ ስለሚገባ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ብቻ ዝቅ አድርገው ይሞክሩና የካንዴላው ጫፍ ቡናማ መሆኑን ይዩ። አደራ፣ አይቸኩሉ፤ የሞተሩን ማለስለሻ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው የሚሞሉ ከሆነ፣ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ስለሚቀንስ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

መልስ (ዳንግላ)፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጄት ከመግዛትዎ በፊት የማርሽ ዘይቱን መጠን ይለኩ። እየጎደለ ጭሱ ነጭ ከሆነ፣ በክላቹ በኩል ያለው የክራንክሻፍት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቆ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየሳበ ነው፤ ይህን ጄት አያስተካክለውም። የቆየ ማርሚታም (የጭስ ማውጫ) ውስጡ በጥላሸት ስለሚጠብ አውርደው ያጽዱት።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማርሽ ዘይቱ አልጎደለም፤ ማርሚታውን ግን ጨርሶ አልነካሁትም፤ ነገ አወርደዋለሁ።