ለጆሮ የሚሆን መጽሐፍ ጠቁሙኝ፤ እናንተስ ምን ጨረሳችሁ?

ኮፒ ቤቷ (ሐዋሳ)

ትናንት ማታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጨረስን። ጨረስን ያልኩት ያነበብኩት እኔ፣ ያዳመጠችው እናቴ ስለሆነች ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ፈጀብን።

እማዬን የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ዓይኗን ወሰደባት። አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ትለያለች፤ ከዚያ ያለፈ አታይም። ድሮም ብዙ አንባቢ አልነበረችም፤ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ወልዳ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ይህን መጽሐፍ ግን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ጎረቤቱ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ የአባቴ ሬዲዮ ባትሪ አያልቅበትም ነበርና። እናም በመጀመሪያው ምሽት ገና ታሪኩ ከሚጀምርበት ከማንኩሳ ሳልወጣ «ወጋየሁ እንዲህ አላነበበውም» አለችኝ። እንዴት ነበር ያነበበው ብላት፣ «አይቸኩልም» አለች።

ትንሽ ተቀየምኩ። ቀኑን ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤቴ ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር መወዳደር አላሰብኩም ነበር። እውነቷን መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሃያ ዓመቴ ይህንኑ መጽሐፍ በአራት ቀን ጨርሼዋለሁ። ያን ጊዜ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ያሉበትን ገጽ እያደንኩ ሌላውን በዓይኔ እዘል ነበር። አፍ ግን መዝለል አይሆንለትም። አንድ ሌሊት ሞክሬዋለሁ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን እያነበብኩ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣ ጉዱ ካሳ ረጅሙን ንግግሩን ሲጀምር ሁለት ገጽ ገለበጥኩ። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «ካሳ ነገሩን አልጨረሰም» አለች። ተመልሼ አነበብኩ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይወዳሉ። በዓይን ሲነበብ የሚያደክመኝ እርሱ ነበር። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በየመሐሉ ተቀምጦለታል፤ ቦታውን እስካገኘው ድረስ ጥቅምትን ሙሉ ተደናቅፌአለሁ።

እማዬን የነካት የፍቅሩ ነገር አይደለም። የነካቻት የበዛብህ እናት፣ ውድነሽ በጣሙ ናት። ልጄ ቢያድግልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብላ የተሳለችውን ታስታውሳላችሁ። ያን ምሽት እማዬ መጽሐፉን አስዘጋችኝ። «እኔ እንኳ አንቺ ስትታመሚ ለገብርኤል ጥላ ነው የተሳልኩት» አለች። «ልጅ ይሳላል እንዴ?» ጥላው የገባው በታኅሣሥ 19 ቀን እንደሆነ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ዘርፉ ወርቃማ እንደነበረ፣ ገንዘቡን ከማን እንደተበደረች እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ነገረችኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ስለዚያ ጥላ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው።

በሰሙነ ሕማማት አቋረጥን። በዐቢይ ጾሙ ሁሉ ያለ ቅሬታ ስታዳምጥ የነበረችው ሴት በዚያ ሳምንት «አሁን የዓለማዊ ሰው ወሬ ይቅር» ብላ ከለከለችኝ። የበዛብህን መጨረሻ ለማወቅ ትንሣኤን ጠበቅን፤ ሁለታችንም ብናውቀውም።

ለራሴ ምን እያነበብኩ ነው? ብታምኑም ባታምኑም የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ። ወቅቱ ነው፤ ለኅትመትና ለጥረዛ ይመጣል፤ ማሽኑ እስኪጨርስ አነባለሁ። በዚህ ሳምንት ስለ ሐይቃችን ዓሣ፣ ስለ ቆሮሶ አንድ፣ ስለ ቡና ማኅበራት ሁለት ጨርሻለሁ። መጀመሪያ የማነበው የምስጋናውን ገጽ ነው፤ በሙሉ ጽሑፉ ውስጥ ልጁ ራሱ የጻፈው እርሱን ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ልብ ወለድ ሙሉውን ኮፒ አድርጊልን የሚሉኝን ግን እመልሳለሁ። ደራሲው በእኔ ማሽን መክሰር የለበትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እናንተ አሁን ምን ይዛችኋል፣ ምንስ ጨረሳችሁ? ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ በኋላ ለእማዬ ምን ላንብብላት? አስቸጋሪ አድማጭ ናት። ቸኩሎ የተጻፈ ነገር አይሆንላትም፤ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትም አይሆንላትም።

ጡረተኛው መምህር (ሐዋሳ፣ ታቦር ሥር)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንዱን ቅጂ ለስድስት ተራ ገብተን አነበብነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ሽፋኑ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት የጨረስኩት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ግለ ታሪክ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመውን «የሕይወቴ ታሪክ»። ለእናትዎ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ምክንያቴን ልንገርዎ። ሰውዬው አድዋን ያዩት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣልያን ሊወርረን ሲል በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ «የአውሬዎች ኮመዲያ»፣ የእርሳቸው ነው። ልጃቸው ግርማቸው ደግሞ «አርአያ»ን የጻፉት ናቸው። እንዲህ ያለው ሕይወት ለጉራ ይመቻል፤ እርሳቸው ግን ራሳቸውንም ይወቅሳሉ፣ ሌላውንም አይምሩም። አነጋገራቸው ምድጃ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ዓይነት ነው። ወፍራምነቱ አያስፈራዎት፤ ስድስት ወር የታገሠ አድማጭ አለዎት።

ባለቤቴ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሩሲያ ላይ ስንደርስ ሽንኩርቱን ትታ መጥታ ተቀመጠች። ወጡ አረረ፤ የተወቀስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አያንብቡላቸው። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ለብቻ የሚነበብ ነው።

የሌሊት ተረኛ (ሐዋሳ)

መምህር፣ በመጨረሻዋ መስመርዎ ምክንያት ነው የምጽፈው። እኔ በአሁኑ ጊዜ «ኦሮማይ»ን ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነው። ነርስ ነኝ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ዋርዱ ጸጥ ካለ አሥር ገጽ ያህል አገኛለሁ።

መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ለፍቅር ታሪኩ፣ ለፊያሜታ ስል ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ለደራሲው ነው፤ መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ወጥቶ እንደቀረ ከሰማሁ በኋላ እያንዳንዱን ገጽ የትኛው መስመር አስገደለው እያልኩ አነበብኩት። ያ ንባብ አይደለም፤ ምርመራ ነው። አሁን በሦስተኛው ደርሶ የሚገርመኝ ስብሰባው ነው። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የወረዱት ሹማምንት እንዴት እንደሚናገሩ፣ ማን ከማን በፊት እንደሚያጨበጭብ። እንደዚያ የሚናገር ሰው ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ልብሱ ብቻ ተለውጧል።

አባቴ በዚያ ዘመቻ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። እኔም እንደ አንቺ ላንብብለት ብዬ አንድ እሑድ ከሰዓት ጀመርኩ። አንድ ገጽ ተኩል ያህል ሰማኝና «በቃኝ» ብሎ ችግኝ ሊያጠጣ ወጣ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ስለዚህ መምህር ልክ ነዎት፣ ለአባቴ አልሆነም። ለሌላ እናት ግን አይሆንም ማለት ይከብደኛል። ርዕሱ ራሱ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ አለቀ፣ አከተመ እንደማለት። ጮክ ብለሽ ስትጠሪው ደስ ይላል። የቤቱን ሰው እያየሽ ሞክሪው።

ባጃጅ (ፍቅር ሐይቅ)

«ግራጫ ቃጭሎች» የአዳም ረታ። ከመሪው ሥር ነው የማስቀምጠው። ሁለት ወር ይዤዋለሁ፤ ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር መዝገቡ ዱባለን መንገድ ላይ ትቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ እዚያው ይጠብቀኛል።

ተራ ይዘን ስንጠብቅ ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ ላነብላቸው ሞከርኩ። አንዱ «ይሄ ሰውዬ ወደ ቤቱ የሚገባው መቼ ነው?» አለኝ። ለጆሮ አይመከርም። ለዓይን ግን ሞልቶ የተረፈ ነው፤ አንዳንዱን አንቀጽ ለመጨረስ ተሳፋሪ እንዳይመጣ የጸለይኩበት ጊዜ አለ፤ ይህንን ለባጃጁ ባለቤት እንዳትነግሩ።

ከይርጋለም

እኅቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እኔም ያንኑ መጽሐፍ ለአያቴ እያነበብኩላት ነውና። ልዩነቱ አያቴ አማርኛ ብዙም አትሰማም። ማታ አንድ ምዕራፍ ለራሴ አነብና በማግሥቱ ቡና ሲፈላ በሲዳምኛ አወራላታለሁ። ስለዚህ ወጋየሁ እንዲህ አላለም የሚለኝ የለም፤ በዚህ ከአንቺ እሻላለሁ።

በመጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ደብር፣ ቅኔ፣ ድጓ፣ ይህን ሁሉ በምን ቃል እነግራታለሁ ብዬ። የቅኔውን ነገር እውነቱን ለመናገር አሳጥሬዋለሁ። ስለ ጎጃምም ሩቅ አገር ነው ከማለት ያለፈ አልነገርኳትም። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩን ከልማዱ በላይ አምጡ ሲሉት ግን አያቴ ሲኒውን አስቀመጠች። «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለች። የለም አያቴ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው ብላት አልሰማችኝም። ቤቱ ከወንዙ ማዶ እንደነበረ፣ ማር ስንት ጊዜ እንደተሸከሙለት፣ አባቷ ምን ያህል ቀን ለእርሱ እርሻ እንደዋለ ቆጠረችልኝ። በየካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ዜናውን ገበያ ላይ እንደሰማች፣ ወደ ቤት ስትመለስ ቅቤዋን እዚያው ረስታው እንደመጣች ነገረችኝ።

አሁን የምንገኘው አበጀ በለው ባላገሩን ይዞ ፊታውራሪውን የገጠመበት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች። አራተኛውን ለነገ ቀጥራኛለች። በዚህ አያያዛችን የበዛብህና የሰብለ ነገር ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እባካችሁ መጨረሻውን እዚህ አትጻፉብኝ።

ኮፒ ቤቷ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ መጨረሻውንማ ርዕሱ ነግሮሃል። እኛ አልነገርንህም።

መልሶቻችሁን ለእማዬ አነበብኩላት፤ ከነስማችሁ። በባጃጁ ሳቀች። የነርሷ አባት ዝናብ ላይ ችግኝ ሊያጠጣ የወጣበት ላይ ግን «ተዪው፣ ቆይ» ብላ ዝም አሰኘችኝና መቁጠሪያዋን ሁለት ዙር ቆጥራ «በይ ቀጥይ» አለች። «ኦሮማይ» በዚያው ቀረ፤ የወሰነችው እርሷ ናት።

መምህር፣ የእርስዎን እንጀምራለን። መጽሐፉን ገበያ ላይ አጥቼው ነበር፤ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ከፒያሳ አገኘሁልሽ ብሎ ነገ ሊያመጣልኝ ነው። እማዬ ግን አንድ ጥያቄ አላት፤ ሰውዬው ሩሲያ ሲሄዱ እናታቸው ምን አሉ? መልሱ ያለበት ገጽ ካለ ቀድመው እንዳይነግሯት፣ እኔ ራሴ እደርስበታለሁ።

ለይርጋለሙ ልጅ መልእክት አለኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እማዬ ስለ መጽሐፍ መናገሩን ትታ ስለ አያትህ ነው የምትጠይቀኝ። ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ጉልበታቸው እንዴት ነው፣ ቡናውን በቅቤ ነው በጨው የሚጠጡት። ከሁሉ በላይ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲማረኩ አያትህ ምን እንዳሉ ማወቅ ትፈልጋለች። «እኔ ያን ጊዜ አዝኜላቸው ነበር፤ እርሷ ታዝንላቸዋለች?» ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች። አራተኛውን ስትነግራቸው ቃል በቃል ያዝልኝና ጻፍልኝ፤ አማርኛውን እንደፈለግህ አድርገው።