የምሳ ዴሊቨሪ፦ አፕ ላሠራ ወይስ ባለኝ ስልክ ልደራጅ?

የገርጂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ ላይ ትንሽ ማዕድ ቤት አለችኝ። ምሳ እየሠራሁ ለቢሮ ሠራተኞች እልካለሁ። ደንበኞቼ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤልና ካዛንቺስ ናቸው። ረቡዕና አርብ በያይነቱ ይበዛል፤ በሌላው ቀን ጥብስም ተጋቢኖም ይታዘዛል። ምግቡን ሰው ወዶታል። ችግሬ ማድረሱ ላይ ነው።

ትዕዛዝ የምቀበለው በስልክና በቴሌግራም ነው። ጠዋት ስልኩ ፋታ አይሰጠኝም፤ በአንድ እጄ ወጥ እያማሰልኩ በሌላው እጽፋለሁ። ሞተረኛው ይወጣል፣ ሕንፃውን ያጣዋል፣ ይደውልልኛል። እኔ ደንበኛዋ ጋ እደውላለሁ። ስብሰባ ላይ ናት፣ አታነሳም። እንጀራው ሳጥን ውስጥ ያልበዋል። ካዛንቺስ ደግሞ ከፈረሰ ወዲህ «ከእንትና ሱቅ ጎን» ብሎ አቅጣጫ መንገር ቀርቷል። ሱቁ ራሱ የለም።

ትልልቆቹ የዴሊቨሪ አፖች ከየሽያጩ የሚቆርጡት እኔ ለምሸጥበት ዋጋ ከበደኝ። አሁን አንድ ልጅ የራስሽን አፕ ልሥራልሽ ብሎኛል። ገንዘቡን ቆጥቤያለሁ። ላውጣው ወይስ ሌላ መላ አለ? በሥራው ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ሞተረኛው ከሳሪስ፦

እህቴ፣ እኔ ሞተር ላይ ነው የምውለው። ምግብ ማድረስ እንጀራዬ ነው። እባክሽ ገንዘብሽን አሁን አፕ ላይ አታውጪ። አፕ በር አያገኝልሽም።

ሰው ጊዜው የሚያልቀው መንገድ ላይ ይመስለዋል። ከኢምፔሪያል ቦሌ መድኃኔዓለም ሞተር ሾልኮ ይደርሳል። ጊዜው የሚያልቀው ከደረስን በኋላ ነው። በየትኛው በር ነው የሚገባው? ስንተኛ ፎቅ ነው? ጥበቃው እዚህ ማቆም ክልክል ነው ይላል፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ደንበኛው ስልክ አያነሳም። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ምሳ አለ።

ስለዚህ ከአድራሻው ጀምሪ። ከእያንዳንዱ ደንበኛ አንዴ በደንብ የተላከ ሎኬሽን ተቀበዪ። በደንብ ያልኩት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲልኩት ስለሚሳሳት ነው። ሕንፃ ውስጥ ጂፒኤሱ በደንብ አይሠራም፤ ነጥቡን ጎረቤት ሕንፃ ላይ ያሳርፈዋል። ጠዋት ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ካርታው ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ እስኪጠብ ጠብቀው ይላኩልሽ። አብሮ የበሩን ፎቶ። ይሄ ፎቶ ለኛ ከካርታውም ይበልጣል። ኡራኤል አካባቢ አንድ ሕንፃ አለ፤ ካርታው ዋናው አስፋልት ላይ ያደርስሃል፣ ምግብ የሚገባው ግን በጀርባ፣ በኮብልስቶኑ በኩል ነው። ፎቶውን ያላየ ሞተረኛ ከጥበቃው ጋር ሲከራከር ይቆያል።

ሲመዘገብ እንዲህ ይሁን፦ «ኡራኤል፣ የኋላ በር፣ 4ኛ ፎቅ፣ ካላነሳች ሪሴፕሽን ይቀመጥ»። ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ስንት ጥሪ እንደምታስቀር አትጠይቂኝ። ሞተረኛሽ የአዲስ አበባን ካርታ ስልኩ ላይ ዳውንሎድ ያድርግ። ኔትወርክ ቢጠፋም ጂፒኤሱ የት እንደቆመ ያሳየዋል።

ከዚያ መስመር ለዪ። ቦሌ መድኃኔዓለም ለብቻ፤ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ ካዛንቺስ ደግሞ አንድ ላይ። ትዕዛዝ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዝጊ። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ብሩን ምግቡ ሳይወጣ ተቀበዪ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ በር ላይ ዝርዝር ፍለጋው ቀንሶልናል። ስክሪንሾት ግን አትመኚ፤ በፎቶ ማስተካከያ ይሠራል። ገቢ መሆኑን የሚነግር መልእክት በራስሽ ስልክ ሲገባ ብቻ ልቀቂ።

ኮድ ከሲኤምሲ፦

ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የምበላው፣ ግን በሞተረኛው ሐሳብ እስማማለሁ። ሰው ለአንድ ምሳ ብሎ አዲስ አፕ አያወርድም። ቴሌግራም ግን ደንበኞችሽ ጋ አለ። ልጁ የቴሌግራም ቦት ይሥራልሽ፤ ቦት ማለት ቴሌግራም ውስጥ በራሱ መልስ እየሰጠ ትዕዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ነው። ቦት መክፈት በነፃ ነው፤ የምትከፍዪው ለልጁ ድካምና ቦቱ ለሚያርፍበት ሰርቨር ነው። ደንበኛዋ የዕለቱን ምግብ ትነካለች፣ ሎኬሽን የምትልክበት በተን ይመጣላታል፣ ትዕዛዙ በመስመር ተለይቶ ጉግል ሺት ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለ ሠንጠረዥ፣ ይሰፍራል። የበፊት ደንበኛ ከሆነች አድራሻዋን ድጋሚ አትጠየቅም። አንቺ ወጥሽን ታማስያለሽ።

አንድ ነገር አደራ። ቦቱ በአንቺ ስልክ ቁጥር በተከፈተ አካውንት ይመዝገብ፣ ሺቱም በአንቺ ኢሜይል ይሁን። ልጁ ነገ ሌላ ሥራ ቢያገኝ የደንበኞችሽ ዝርዝር አብሮት መሄድ የለበትም።

ጾመኛዋ፦

እኔ ካዛንቺስ ነው የምሠራው፣ ምሳ አዝዤ ነው የምበላው። በቴክኖሎጂው አልገባም፤ ሰዓቱን ግን አደራ። ጾም ስንይዝ እስከ 9 ሰዓት የምንቆይ ብዙ ነን። በ6 ሰዓት የመጣ በያይነቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቀናል፤ ሽሮው ይረጋል፣ እንጀራው ይደርቃል። ቦቱ «በ6 ሰዓት ወይስ በ9?» ብሎ ይጠይቅ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ትኩሱን የሚያመጣልኝን ቤት አልለቅም።

የገርጂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የ9 ሰዓቱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ሞተረኛዬ ከሰዓት ሥራ ስለሚፈታ ሁለተኛ ዙር ይወጣልኛል። በቦሌ መስመር ልጀምርና ሎኬሽንና ፎቶ ልሰብስብ። ወንድሜ ከሳሪስ፣ የእንጀራውን ላብ ግን ምን ላድርገው?

ሞተረኛው ከሳሪስ፦

ወጡና እንጀራው አንድ ዕቃ ውስጥ አይግቡ። የትኩስ ወጥ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ እንጀራው ላይ ነው የሚመለሰው። ወጡን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አድርጊ። እንጀራው በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ በወረቀት ተጠቅልሎ ለብቻው ይምጣ። ሳጥን ውስጥ ወጡ ከታች፣ እንጀራው ከላይ፤ በመሃል ወፍራም ካርቶን አድርጊ። ተጋቢኖ ከሆነ ክዳኑን በፕላስቲክ ደግመሽ እሰሪው፤ የኮብልስቶን መንገድ ያፈሰዋል።