የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሴል ምርመራ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ምን ይጠይቅ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አነበብኩት። "ሁሉም ሰው የሴል ምርመራ ያድርግ" የሚለው መግቢያ ይውጣ ባይ ነኝ። ናሙናው የሚወሰደው ኢንዶስኮፑ (ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ) በአፍ ገብቶ እስከ ትንሹ አንጀት ከወረደ በኋላ፣ ቀጭን ብሩሽ ሐሞት ቱቦው ውስጥ ገብቶ ነው፤ ቆሽትንም ሊያስቆጣ ይችላል። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይመረመርም። ምርመራው ቱቦው ጠብቦ ለተገኘባቸው ነው። ፒኤስሲ ላለባቸው፣ ቱቦው ለዓመታት እየቆሰለ ለሚጠብባቸው ማለት ነው፣ በየዓመቱ ኤምአርአይ ይቅደምና አዲስ መጥበብ ከታየ ብሩሹ ይከተል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኔጌቲቭ የምትለዋ ቃል ናት። ብሩሹ ካንሰር አለ ካለ፣ አለ ነው፤ ከስንት አንዴ ነው የሚሳሳተው። የለም ሲል ግን ካንሰሩ ካለባቸው ግማሽ ያህሉን ያልፋቸዋል። ዕጢው ጠባሳ በሚመስል ጠንካራ ሥጋ ተከቦ ስለሚያድግ ብሩሹ ላይ ላዩን ጠርጎ ይመለሳል። አንዳንዴ ስላይዱ፣ ናሙናው የተቀባበት መስታወት ማለት ነው፣ ላይ የማየው ሐሞትና ጥቂት ሴል ብቻ ነው። ስቴንት፣ የጠበበውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ፣ ገብቶ ከቆየ ደግሞ በብግነት የተለወጡ ሴሎች ካንሰር መስለው ግራ ያጋባሉ።

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦
የናሙና አያያዙም ይግባ። ብሩሹን ስላይድ ላይ አሽተን ከጣልነው ብዙ ሴል ጸጉሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ጫፉን ቆርጦ ሴሉን ከመበላሸት የሚጠብቀው ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ መጨመር ነው። ስላይድ ከተሠራም ወዲያው አልኮል ውስጥ ይግባ፣ ከደረቀ ሴሉ ይበላሻል።

የታማሚ ልጅ፦
አባቴ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ፣ ሲያክ ያድር ነበር። "የካንሰር ሴል አልተገኘም" የሚል አንድ መስመር ሰጡንና ተመስገን ብለን ወደ ቤት ገባን። ከአራት ወር በኋላ ስንመለስ ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፎ ነበር። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱ ላይ "ይህ ካንሰር የለም ማለት አይደለም" ተብሎ ይጻፍ፣ የቀጣዩ ምርመራ ቀንም እዚያው ይቆረጥ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
አይዞሽ እህቴ። ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይሁን። ሁለተኛው፣ ከዚያው ናሙና ላይ ተቆጥቦ ፊሽ ይሠራ። ፊሽ የክሮሞዞም ቁጥር መዛባትን ስለሚያሳይ በማይክሮስኮፕ አይተን ያልቆረጥንባቸውን አንዳንዶቹን ይለይልናል። ሲኤ 19-9 የሚባለው የደም ምርመራ በቂ ነው የሚል ዓረፍተ ነገርም አይቻለሁ፣ እሱ ይሰረዝ። የቱቦ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ በተፈጥሮው ጭራሽ የማያመነጨው ሰውም አለ።

አስተባባሪ፦
ሰርዤዋለሁ፣ መግቢያውንም ቀይሬያለሁ። ሲስተር፣ አያያዙን በአንድ ገጽ ጻፊልን። እህቴ፣ የአባትሽን ውጤት ስሙና የካርድ ቁጥሩ ተሸፍኖ ብናያይዘው ትፈቅጃለሽ?

የታማሚ ልጅ፦
እፈቅዳለሁ። ማታ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።