አስቸኳይ፦ የኤም 81 ሃይድሮጂን ካርታዬ ዙሪያውን ከዜሮ በታች ሆነብኝ

ጭላንጭል፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ አሳያለሁ። ኤም 81 የተባለውን ጋላክሲ የሃይድሮጂን ካርታ ከቪኤልኤ (ብዙ አንቴናዎች አንድ ላይ የሚሠሩበት የራዲዮ ቴሌስኮፕ) ዳታ ሠራሁ። ክንዶቹ ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ግን ጋላክሲውን የከበበው ሰማይ ከዜሮ በታች ወርዷል፤ መሃሉም ባዶ ነው። ጠቅላላ ፍለክሱ (የደረሰን የራዲዮ ጉልበት) ደግሞ በነጠላ ዲሽ (በአንድ ትልቅ አንቴና ብቻ) ከተለካው በጣም ያንሳል። ካሊብሬሽኑ (የመሣሪያው ልኬት ማስተካከያ) ደህና ነው። ምን ላድርግ?

አንቴና፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ ጥቁር ጉድጓድ አግኝተሻል።

የኔታ፦ ከመሠረቱ እንነሳ። ቀዝቃዛ ሃይድሮጂን የሚሰማን በ1420.4 ሜጋኸርዝ ነው፤ 21 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። የኤሌክትሮኑ ስፒን (ሽክርክሪት መሰል ባሕርዩ) ከፕሮቶኑ አንጻር ሲገለበጥ የሚወጣ ሞገድ ነው። ቫን ደ ሁልስት በ1944 እ.ኤ.አ. ተነበየው፣ ኢወንና ፐርሰል በ1951 ያዙት። አንድ አቶም ብቻውን ቢተው ለመገልበጥ ሚሊዮኖች ዓመታት...

አንቴና፦ የኔታ፣ ልጅቷ እኮ ነገ ጠዋት ነው ያለችው!

ባለ ዲሹ፦ አጭር ቤዝላይን (በሁለት አንቴናዎች መካከል ያለ ርቀት) ጎድሎሽ ነው፤ ሰፊውን ጋዝ የሚያየው እሱ ነው። የነጠላ ዲሽ ዳታ ጨምሪበት።

ሞገድ፦ ቆይ፣ መሃሉ ባዶ ቢሆን ምን አለበት? ብዙ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች መሃላቸው ላይ አቶማዊ ሃይድሮጂን ያንሳቸዋል። ኤም 81ም እንደዚያው ነው። እሱን "ልጠግን" ብለሽ እንዳታበላሺው። ችግርሽ ዙሪያው ብቻ ነው። ለመሆኑ የቪኤልኤ አንቴናዎች አሰላለፍ የትኛው ነው?

ጭላንጭል፦ ቢ ብቻ። ልዩነት አለው እንዴ?

ሞገድ፦ አለው እንጂ! በቢ አጭሩ ቤዝላይን 210 ሜትር ገደማ ነው። በ21 ሴንቲሜትር ከ2 አርክሚኒት (አንዱ የዲግሪ 1/60 ነው) የሰፋ ነገር አያይልሽም። በዲ ግን 35 ሜትር ይወርዳል፤ እስከ 16 አርክሚኒት ያሳይሻል። ቲንግስ የተባለው ዳሰሳ 34 ጋላክሲዎችን በቢ፣ በሲ እና በዲ ያየው ለዚሁ ነው። ኤም 81 እዚያ ውስጥ አለ፤ ዳታው ክፍት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አድርገሽ በመልቲስኬል ክሊን (ትንሹንም ሰፊውንም ቅርጽ የሚይዝ የምስል ማጽጃ ስልት) አድርጊ። በዙሪያው ያለው ከዜሮ በታች የወረደ ጎድጓዳ በጣም ይቀንሳል። የቀረውን ነጠላ ዲሽ ነው የሚሞላው፤ ያልተለካን ነገር ክሊን ከየት ያመጣዋል? ለዛሬ ሌሊት ከከበደሽ ካርታውን እንዳለ አሳዪ፤ ከሥሩ "ቢ ብቻ፣ ሰፊው ጋዝ አልተለካም" ብለሽ ጻፊ። የጋዝ መጠን ግን ከሱ እንዳታሰዪ።

ባለ ዲሹ፦ አልኩ እኮ፣ ነጠላ ዲሽ።

ጠርዝ፦ ማንም ያላነሳው፦ ኤም 81 በሰከንድ 34 ኪሎሜትር ገደማ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዜሮ ፍጥነት አካባቢ ባሉት ቻናሎች (የድግግሞሽ ክፍልፋዮች) የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ጋዝ ይደባለቅብሻል። እነሱን ቆርጠሽ ጥለሽ ከሆነ ፍለክስሽ በዚያም በኩል ጎድሏል። ኤም 82 የተባለው ጋላክሲም ጎረቤት ነው፤ ኮንቲንየሙ (በሁሉም ድግግሞሽ የሚወጣው ጨረሩ) ኃይለኛ ስለሆነ በደንብ ካልቀነስሽው ካርታሽን ያዥጎረጉረዋል።

የኔታ፦ ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጅበታል፣ 10 ሚሊዮን ገደማ። ጋዙ ብዙ ስለሆነ ነው የሚታየን።

አንቴና፦ ጭላንጭል፣ አማካሪሽ ምን አለ?

ቀለበት፦ እኔም ኤም 33 ላይ ይኸው ነው የገጠመኝ። ካሊብሬሽኑ ደህና ነው። ምን ላድርግ?

ባለ ዲሹ፦ ነጠላ ዲሽ!