የእናቴ የፓራታይሮይድ ኦፕራሲዮን፣ ምን እንጠብቅ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ የኩላሊት ጠጠር አሰቃያት፣ ድካሙም የአጥንቱም ህመም የእድሜ ነው እየተባለ ከርሞ አሁን የደሟ ካልሲየም ከልክ በላይ 11.8 ሆነ፣ ፒቲኤች የሚሉት የፓራታይሮይድ ሆርሞንም ከፍ ብሏል፣ ፓራታይሮይድ ነው አንገቷ ላይ ትሰራ ተባልን። እሷ "እንቅርት የለብኝ፣ አንገቴን ለምን እቆረጣለሁ" ብላ እምቢ አለች፣ ወተትም ካልሲየም ነው ብላ ተወች። ያለፈበት ሰው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ

ጠጠር በቃኝ፦
እኔ ቨርጂኒያ ነው የተሰራሁት፣ 3 ዓመት ሆነኝ። እንቅርት እንዳልሆነ አስረጃት፣ ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አራት እጢዎች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አንዷ ብቻ አብጣ ካልሲየሙን ከአጥንት እየጎተተች ደም ላይ ታፈሰዋለች፣ ጠጠሩም የሷ ስራ ነው። ስለዚህ ወተቱን መተው ምንም አይጠቅማት፣ ይልቅ ውሃ ትጠጣ። ኦፕራሲዮኑ ያበጠችውን እጢ ማውጣት ነው፣ በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰራው፣ የኔ አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ በማግስቱ ቤቴ ነበርኩ። ጉሮሮዬን በቱቦው ምክንያት አመመኝ፣ ቁስሉ ግን ከጠበቅኩት ቀላል ነው። ያስደነገጠኝ በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ዙሪያና ጣቶቼ ላይ ጉንዳን እንደሄደብኝ ውርር ሲያረገኝ ነው

ሲስተር ነኝ፦
ውርርታው ካልሲየም ሲወርድ ነው፣ የቀሩት እጢዎች ተኝተው ስለከረሙ ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ለዛ ነው የካልሲየም ኪኒን የሚሰጠው። እጇ ከተኮማተረ ግን ሳታድሩ ውሰዷት፣ አንገቷ አብጦ መተንፈስ ካቃታትማ በዛች ደቂቃ ሩጡ። ሐኪሙን በዓመት ስንት እንደሚሰራ ጠይቁት፣ አታፍሩ፣ እጢዋን ፈልጎ ማግኘት ልምድ ነው። የግፊት ኪኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከወሰደችም ንገሩት፣ እሱም ካልሲየም ከፍ ያደርጋል

የእማዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እማዬ ዘማሪ ናት፣ ዋናው ፍርሃቷ ድምጿ ነው

ሲስተር ነኝ፦
ፍርሃቷ ልክ ነው፣ የድምፅ ነርቭ እዛው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ለጥቂት ቀን መጎርነን ያጋጥማል፣ እንደተጎዳ የሚቀረው ግን ጥቂቱ ነው። ዘማሪ መሆኗን ለሰርጅኑ ቀድማችሁ ንገሩት፣ የድምፅ አውታሯን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያዩላት። ዳነች የሚባለው ደግሞ ካልሲየሟ ከ6 ወር በኋላም ኖርማል ሆኖ ሲገኝ ነው፣ ቀጠሮ እንዳታስቀሩ

ጠጠር በቃኝ፦
እኔ ሳምንት ሙሉ እንደ ወንድ ነበር የማወራው፣ ባሌ ስልክ ላይ ማነህ ብሎኛል 😂 ተመልሷል ግን

የእማዬ ልጅ፦
አነበብኩላት፣ ሳቀች። ሰኞ ሐኪሙን አናግራለሁ ብላለች፣ እሰራለሁ ግን ገና አላለችም